የሐርሞ ወለሎች

«ጎብጠህ እያወራህ ‹ደህና ነው› አትበለኝ» አለች የሺመቤት። «መጀመሪያ ቀጥ በል፤ ከዚያ ደህና መሆኑን ትነግረኛለህ።»

ባሏ ጉልላት ቀጥ ማለት አልቻለም። ቢል አናቱ ከጣሪያው ብረት ጋር ይጋጫል። አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ የሐርሞ ሰው ሁሉ ቤቱ ውስጥ እንደሚቆመው ቆሟል።

«ደህና ነው አላልኩም። ወለሉ ይደርቃል ነው ያልኩት።»

«አምናም ይደርቃል ብለኸኝ ነበር።»

«አምናም ደርቋል።»

«የደረቀው አንድ ረድፍ ጡብ ከጨመርንበት በኋላ አይደለም እንዴ? ዘንድሮም ልንጨምር ነው። ከርሞም እንጨምራለን። አባዬን የት ላድርገው? ከጡቡ ሥር ልቅበረው?»

ከጥጉ አልጋ ላይ ሳል የቀላቀለ ሳቅ ተሰማ። አቶ ደርቤ፣ የየሺመቤት አባት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተው ነበር። «እኔን ከጭቅጭቃችሁ አውጡኝ» አሉ። «ለተኛ ሰው ቤት ሁሉ ረጅም ነው።»

«አንተ ዝም በል፣ አባዬ። ሐኪሟ አትተኛ ነው ያለችህ።»

ሐኪሟ ያለችው እንዲህ ነበር፦ ሽማግሌው በቀን በቀን ብዙ ሰዓት ቀጥ ብለው መቀመጥ አለባቸው፤ ተጣጥፈውና ተጋድመው ከዋሉ ሳንባቸው ውኃ ይቋጥራል። በበጋ ቀላል ነው፤ ደጅ ዋርካው ሥር ወንበር ይወጣላቸዋል። ነሐሴ ላይ ግን ደጁ ዝናብ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ አልጋው ከእርጥበቱ እንዲያመልጥ በጡብ ላይ ተሰቅሏል፤ አልጋው ላይ ቁጭ ለማለት የሚሞክር አንገቱን ማጠፍ አለበት። አቶ ደርቤ በወጣትነታቸው የመብራት ምሰሶ ይተክሉ የነበሩ ረጅም ሰው ናቸው። የሚያጥፉት አካል ከሌላው ይበዛል።

«ጎርባ እወስደዋለሁ» አለች የሺመቤት። «ዳገቱ ላይ መሬቱ አለት ነው። የአክስቴን ቤት ጣሪያ እጅህን ወደ ላይ ብትዘረጋም አትነካውም። እኔም እዚያው እቀራለሁ።»

«ወለሉስ?» አለ ጉልላት።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው። የሺመቤት የያዘችውን መጥረጊያ ቀስ ብላ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አየችው።

«ወለሉስ ነው ያልከው?»

 ሐርሞን ለቆ መሄድን የሚከለክል የለም። ነገር ግን የሄደ ሰው የቤቱን ወለል ጎረቤት በጡብ ያነሳለታል፤ «ወለሉን ጥሎብን ሄደ» የሚለው ወሬ ደግሞ ከሰውየው ቀድሞ ጎርባ ይደርሳል። ጉልላት ሲነገረው ያደገው ይህ ስለሆነ ቃሉ ከሐሳቡ ቀድሞ ወጣ።

«እስከ ጥቅምት ጠብቂኝ» አላት። «ዘንድሮ ወለል እንዳይነሳ አደርጋለሁ።»

«እንዴት አድርገህ?»

«እጠይቃለሁ።»

«ማንን?»

ይህንን ገና አላሰበበትም ነበር።

ሐርሞ በሐይቅ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። የቆመችበት መሬት ለስላሳ ስለሆነ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ዝቅ ትላለች፤ ሐይቁ ግን ባለበት ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው በወለሉ ስንጥቅ እየሰረገ ይወጣል። ጥቅምት ሲገባና ፀሐይ ስትበረታ ነዋሪው ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ወለሉ ላይ አንድ ረድፍ ጡብ ይጨምራል። ጣሪያውን ከፍ ማድረግ አይቻልም። ጣሪያው የከተማው ነው፤ ላዩ ላይ የተዘረጋው የፀሐይ ኃይል መሰብሰቢያ የሰፈሩን ቤቶች ሁሉ አንድ አድርጎ ሰፍቷቸዋል። የነዋሪው ወለሉ ነው። ስለዚህ በሮች በየዓመቱ ከሥራቸው ይቆረጣሉ፤ ቁምሳጥኖች እግራቸውን ያጣሉ፤ መስኮቶች ወደ ጉልበት ይወርዳሉ። ድግስ ደጅ ነው፤ ፀጉር የሚቆረጠውም ደጅ ነው። ለልጁ ሚስት የሚፈልግ ቤተሰብ ስለ ልጅቷ ቁመት ይጠይቃል፤ አጭር ከሆነች «ለቤት የተሠራች» ይሏታል። አመሻሽ ላይ፣ ከእራት በፊት፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ወገቡን እያቃና ይጨዋወታል። ማቃኛ ይሉታል። የሐርሞ ልጆች ከእናትና ከአባታቸው ቁመት ጋር የሚተዋወቁት በማቃኛ ሰዓት ነው።

ጉልላት የልክ ጠባቂ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ የሐይቁ ውኃ ወደ ወንዙ በሚወጣበት አፍ አጠገብ፣ አለት ላይ የቆመች አንዲት ክፍል አለች። ከወለሏ ወደ ውኃው የሚወርድ ቱቦ አለ፤ በቱቦው ውስጥ ተንሳፋፊ፣ በተንሳፋፊው ላይ ደግሞ ዘንግ ቆሟል። ውኃው ከፍ ሲል ዘንጉ ከፍ ይላል፤ ጋሽ ልኩ ያንን አይቶ የወንዙን በር ይከፍታል። ሲጎድል ይዘጋል። ጉልላት በየማለዳው ዘንጉ ላይ የሚያድገውን አረንጓዴ እድፍ በጨርቅ ይጠርጋል፤ ከዚያ ወደ ደጅ ይወጣና አለቱ ላይ የተቀባውን መለኪያ በዓይኑ ያያል።

«ልክ ነን?» ይላል ጋሽ ልኩ ከግድግዳው።

«ልክ ነን» ይላል ጉልላት።

ጋሽ ልኩ ሰው አይደለም። ስሙን ያወጣለት የጉልላት አባት ዘመን ሰው ነው፤ ማሽን ሆኖ ሳለ ድምፁ የታላቅ ወንድም ስለሚመስል። የሐይቁ ልክ ሁለት ሜትር ከስልሳ ነው። ሐይቁ ከዚያ በላይ ወይም በታች ሆኖ የዋለበት ቀን የለም።

በማግስቱ ጉልላት ዳገቱን ወጥቶ ወደ ልክ ቢሮ ሄደ። ኢንጂነር ሕሊና ተቀበለችው። ከጉልላት በዕድሜ የምታንስ፣ ሰው ስታዳምጥ እርሳስ የማትነካካ ሴት ናት።

«ቀጥ ይበሉ፣ ጋሽ ጉልላት» አለችው። «የዚህ ቤት ጣሪያ አይነካዎትም።»

ቀና አለ። ወገቡ ተንቋቋ።

«ሁለት ሜትር ከስልሳ የሚለውን ማን እንደወሰነው ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እኔ ስመጣ ነበረ።»

«ከእርስዎ በፊት የነበሩትስ?»

«እሳቸውም ሲመጡ እንደነበረ ነግረውኛል።» ጥቂት አሰበች። «ድሮ የጀልባ ማቆሚያ ነበረ ይባላል። ለጀልባዎቹ ይሆናል።»

«ጀልባ እኮ የለም።»

«የለም።»

«ከተማዋ ደግሞ እየሰመጠች ነው።»

«እናውቃለን» አለች ሕሊና። «በየዓመቱ እንለካዋለን። የወለል ማንሻው ዕቅድ የሚወጣው ከዚያ ነው።»

ጉልላት ይህንን አልጠበቀም። ወደ ዳገቱ የወጣው የማያውቁትን ሊነግራቸው ነበር። «ታዲያ ሐይቁን ትንሽ ዝቅ ማድረግ አይቻልም?»

«እንዴት አይቻልም? በሩን መክፈት ነው። ከታች ያለው ቄጠማ ብቻ ነው፤ የሚጎዳ ሰው የለም።»

«ታዲያስ?»

«ልኩ የሚከለሰው መጠበቅ ሲያቅተን ነው። አንድ ወቅት ሙሉ ከልኩ ከወጣን ጉባኤ ይጠራል፤ ልኩ ራሱ ይታያል። እኛ ግን ወጥተን አናውቅም።» ስትናገር ኩራት አልነበራትም፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ የምትነግር ትመስል ነበር። «እርስዎ ሥራዎን በደንብ ነው የሚሠሩት።»

«እንግዲህ ሥራዬን ባልሠራ ኖሮ ቤቴ ይደርቅ ነበር ማለት ነው።»

«እንደሱ አላልኩም» አለች ሕሊና፤ ግን ፈገግ አለች። «ቅሬታዎን ለሰፈሩ ግምገማ ያቅርቡት። ወለልን የሚያየው እሱ ነው። እኛ የምናየው ሐይቁን ነው።»

ቁልቁል ሲወርድ ነገሩን ደጋግሞ አገላበጠው። ሐይቁን ከልኩ እንዲወጣ ቢያደርገው ጋሽ ልኩ ምሳ ሳይደርስ ይመልሰዋል። ጋሽ ልኩ አይሰንፍም፤ አያኮርፍም፤ አይረሳም። የሚያየው ግን ዘንጉን ብቻ ነው።

ቤቱ ሲደርስ አምና ከበሩ ሥር የቆረጠውን ጣውላ ከጓሮ ፈለገ። ቁመቱን በሁለት ጡብ ልክ ቆረጠው፤ ጫፎቹን በቢላ አስተካከለ። በነጋታው፣ እድፉን ከጠረገ በኋላ፣ ዘንጉን ከተንሳፋፊው አላቀቀና እንጨቱን በመካከላቸው ሰክቶ በሽቦ አሰረው።  ዕድሜውን ሙሉ ያልዋሸ ሰው እንዲህ በቀላሉ መጀመሩ ራሱን ገረመው።

«ከልክ በላይ ነን» አለ ጋሽ ልኩ ወዲያው። «በር እከፍታለሁ።»

ከታች የብረቱ በር ሲነሳ ተሰማ። ውኃው በማይቸኩል ድምፅ ወደ ቄጠማው ወረደ። ጉልላት ደጅ ወጥቶ አለቱ ላይ ተቀመጠ። ከቀናት በኋላ በሩ ተመልሶ ሲዘጋ፣ ሐይቁ ከቀለሙ መስመር በሁለት ጡብ ያህል ወርዶ ነበር።

«ልክ ነን?» አለ ጋሽ ልኩ።

ጉልላት በደረቁ አለት ላይ የቀረውን ነጭ መስመር አየ። «ልክ ነን» አለ።

ጠያቂ አልመጣም። ዳሩ ሸሸት ሲል ልጆች አዲስ በወጣው ጭቃ ላይ ኳስ ተጫወቱ። ትልልቆቹ «የዘንድሮ ዝናብ ቀጭን ነው» ተባባሉ፤ ዝናቡ ግን እንደ ሁልጊዜው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ወለሉ ደረቀ። መጀመሪያ ምንጣፉ ሲረገጥ ይጮኽ የነበረው ተወ። ቀጥሎ የግድግዳው ሥር ነጣ። የሺመቤት አንድ ጠዋት በጉልበቷ ተንበርክካ መሬቱን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ተነሥታ ሌላ ቦታ ዳሰሰች። ከዚያ የአልጋውን እግሮች የተሸከሙትን ጡቦች አንድ በአንድ መጎተት ጀመረች። ጉልላት አገዛት። አልጋው መሬት ሲነካ አቶ ደርቤ እጃቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ተቀመጡ። አናታቸው ጣሪያውን አልነካም።

«መስኮቱ እዚህ ነበር እንዴ?» አሉ። ወደ ደጅ እያዩ ብዙ ቆዩ። «የማነው ያ ፍየል?»

«የእትዬ ሎሚ ነው፣ ጋሼ» አለ ጉልላት።

«ከስቷል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጭ ብለው ዋሉ። ሳሉ ቀነሰ። የሺመቤት ድስት እያማሰለች ማንጎራጎር ጀመረች፤ ስታይ ቆይታ አንድ ቀን ጠየቀችው።

«እንዳልከው ጠየቅህ?»

«ጠየቅኩ።»

«መለሱልህ?»

«ይኸው ደረቀ አይደል» አለ ጉልላት። እሷም ከዚያ በላይ አልመረመረችውም፤ ደስታዋን መመርመር አልፈለገችም።

የሰፈሩ ግምገማ የተደረገው ደመራ ካለፈ በኋላ ነበር፤ እንደ ልማዱ በማቃኛ ሰዓት፣ መንገዱ ላይ። ሰው ወንበሩን ይዞ ወጣ። እትዬ ሎሚ እንደ ሁልጊዜው ሰብሳቢ ናቸው፤ ጋሽ ልኩ ከምሰሶው ላይ በድምፅ ማጉያ ይሳተፋል። ግምገማ ሦስት ጥያቄዎች አሉት፤ የሐርሞ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚማራቸው ናቸው። ልኩ ተጠብቋል? ካልተጠበቀ ማን ጎደለ? ምን ያርመዋል? የጎደለው ሰው ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፤ ይወቀሳል፤ ይታረማል፤ ከዚያ አብረው ይስቃሉ። ክፉ ነገር አይደለም። ብዙ ጎረቤት የታረቀው በግምገማ ነው።

«የሐይቁ ልክ ተጠብቋል» አለ ጋሽ ልኩ። «የወለል እርጥበት በሰፈሩ ውስጥ በአንድም ቤት አልታየም። ከዚህ በፊት ይህ ሆኖ አያውቅም።»

ሰው አጨበጨበ። እትዬ ሎሚ እጃቸውን አነሡ። «ማጨብጨቡ ይቆየን። ለምን ሆነ? ምክንያቱን ካላወቅን ከርሞ አንደግመውም። ቱሉ፣ አንተ ጀምር፤ አፍህ ዝም ማለት አይችልም።»

ቱሉ የጉልላት የግድግዳ ጎረቤት ነው፤ ግንበኛ። «እኔ አምና አሸዋውን ሁለት ጊዜ ነፍቻለሁ» አለ። «ሚስቴ ‹ዱቄት መሰለህ ወይ› ብላ ስትስቅብኝ ነበር። አሁን ትሳቅ።»

«አሁንም እየሳቅኩ ነው» አለች ሚስቱ ከኋላ።

ሌላው ሲሚንቶውን አብዝቶ እንደነበር ተናገረ። ሌላዋ ጡቡን ከማስቀመጧ በፊት ሥሩን በደንብ መደልደሏን አስታወሰች። እያንዳንዱ አምና ያደረገውን መልካም ነገር አገኘ፤ እውነትም አድርጎት ነበር። ጋሽ ልኩ ሁሉንም ሰማ።

«አምና ወለል በጥንቃቄ ስለተነሳ ዘንድሮ ደርቋል» አለ። «እርማቱ እየሠራ ነው። በዚህ ጥቅምት በሁለት ረድፍ እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«ሁለት?» አለ ቱሉ። «እንግዲህ ቁጭ ብለን መኖር ልንለምድ ነው።»

«አንተ ቆመህም ምንም አትሠራም» አሉ እትዬ ሎሚ፤ ሰፈሩ ሳቀ።

ጉልላት ተነሣ።  «ከደረቀ ለምን እናነሳዋለን? ዘንድሮ እንኳ ብናርፍ ምን ይጎዳል? ቆይተን ብናየው።»

የተቆጣ ሰው አልነበረም። ታሞ እንደሚናገር ሰው አዩት።

«የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ሎሚ በለዘብታ፣ «ሐኪም የሰጠህ ክኒን ሲሠራልህ ታቋርጠዋለህ እንዴ?»

«ክኒኑ ይሁን ሌላ ነገር በምን አወቅን?»

«ሌላ ምን አለ? ሐይቁ እንደሆነ ያው ነው። በየማለዳው አይተህ ልክ ነን የምትል አንተው ራስህ ነህ።»

ጉልላት አፉን ከፈተ። የሺመቤት ከሴቶቹ መካከል ቀና ብላ ታየው ነበር። ስለ እንጨቱ ቢናገር የሚሆነውን በአንድ ጊዜ አየው። ሦስቱ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ልኩ ተጠብቋል? አልተጠበቀም። ማን ጎደለ? ጉልላት። ምን ያርመዋል? እንጨቱን ማውጣት። ጥፋቱ የሰው ነውና ጉባኤ አይጠራም፤ ጋሽ ልኩ በሩን ይዘጋል፤ ውኃው ወደ ቀለሙ መስመር ይመለሳል፤ ወለሉ ይረጥባል፤ በጥቅምት ይነሳል። ዝም ቢልም ይነሳል። አራተኛ ጥያቄ አልነበረም፤ ጉልላትም በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ አራተኛ እንደሚጎድል ተሰምቶት አያውቅም ነበር።

ተቀመጠ።

«የአቶ ጉልላት አስተያየት የድካም ምልክት ይመስላል» አለ ጋሽ ልኩ። «ቤታቸው ውስጥ የሚያስታምሙት ሰው አለ። ጎረቤት እንዲያግዛቸውና የእሳቸው ቤት ቀድሞ እንዲነሳ ሐሳብ አቀርባለሁ።»

«ደግ ብለሃል» አሉ እትዬ ሎሚ። «ቱሉ፣ አንተ ነህ የምታግዘው። አሸዋውን እንደ ዱቄት ንፋለት።»

ሰው ወንበሩን እያነሣ ሲበተን አንዳንዱ የጉልላትን ትከሻ መታ መታ አደረገ። በርታ አሉት። ከልባቸው ነበር።

የሺመቤት ዋርካው ሥር ጠበቀችው። አባቷ ቤት ውስጥ ስለነበሩ ድምፅዋን አልቀነሰችም።

«መለሱልኝ አላልከኝም?»

ጉልላት ነገራት፤ ቢሮውን፣ ጣውላውን፣ ሽቦውን። ቆማ ሰማችው። ማቃኛው አላበቃም ነበርና ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆመው ነበር፤ እንዲህ ሲቆሙ እሷ እስከ ትከሻው ትደርሳለች። ቤት ውስጥ ሁለቱም እኩል ናቸው።

«አንተ አደረቅከው» አለች።

«አዎ።»

«ስለደረቀ ደግሞ ሊያነሱት ነው።»

«አዎ።»

«በሁለት ረድፍ።» ወደ እሱ ቀረብ አለች። «ጉልላት፣ ይህንን ያህል ካደረግህ አብረኸን ና። እንዲያ ብዬ እለምንሃለሁ። ጎርባ ሥራ አይጠፋም።»

«እንጨቱስ?»

«እንጨቱ ምን?»

«እኔ ከሄድኩ ሌላ ልክ ጠባቂ ይመደባል። ዘንጉን ሲጠርግ በመጀመሪያው ማለዳ ያገኘዋል፤ ያወጣዋል። ውኃው ተመልሶ ይመጣል።» እጁን ወደ ቤቶቹ ዘረጋ። «የቱሉ ልጆች መሬት ላይ ነው የሚተኙት። እትዬ ሎሚ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በየማለዳው እዚያ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።»

«ውኃው ባይመጣም ወለሉን ያነሱታል እኮ።»

«ያነሱታል። ግን ደረቅ ይሆናል።»

የሺመቤት ፊቱን ፈልጋ አየችው። የሻሿን ጫፍ ወደ ውስጥ ወተፈችና «እንግዲያው ጠብቀው» አለች። ሲናገሩት የሚያቆስል ቃል ነበር፤ እሷ ግን እንደ አደራ አድርጋ ነው ያለችው። ወደ ቤት ሲገቡ ሁለቱም ደፉ ላይ ጎንበስ አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ አልተነጋገሩም። እሷ የአባቷን ሹራቦች አጠበች። እሱ በየማለዳው «ልክ ነን» አለ። አቶ ደርቤ በመስኮቱ ፍየሉን እያዩ ዋሉ፤ ወፍሯል ብለውም ተናገሩ።

ጥቅምት ገባ። የወለል ማንሻው ቀን በሐርሞ የደስታ ቀን ነው። ከማለዳ ጀምሮ መንገዱ በዕቃ ይሞላል፤ አልጋ፣ ምጣድ፣ ቁምሳጥን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ፤ የሰው ገመና ሁሉ ፀሐይ ይሞቃል። ሁሉም ተሸክሞ ይወጣል፤ ሁሉም ይጠራራል። ዕቃ የሚያመላልሱ ባጃጆች በሰልፍ ይቆማሉ።

የጉልላት ቤት ቀድሞ ባዶ ሆነ። ቱሉ አሸዋውን ነፍቶ፣ ሲሚንቶውን ለውሶ፣ እየዘፈነ ገባ። ሁለቱ ተንበርክከው ከጓዳው በኩል ጀመሩ። የመጀመሪያው ረድፍ አልቆ ሁለተኛው ሲጀመር መንበርከኩም ስለማይመች በክርናቸው ተደገፉ።

«ይኸ ቤት አሁን ለልጆቼ ነው የሚሆነው» አለ ቱሉ። «አንተ ተከራይ፤ እነሱ ያከራዩህ።»

ጉልላት ሳቀ። በሩ ክፍት ነበር፤ ወለሉ ከፍ ስላለ ከተጋደመበት ሆኖ የሚታየው የመንገዱ ታችኛ ክፍል ብቻ ነው፤ የሰው እግርና የዕቃ እግር። የእትዬ ሎሚ ነጠላ ጫማ ወዲያና ወዲህ ይላል። ፍየሉ ያልፋል። አንድ ቁምሳጥን በአራት ሰው እግር እየተራመደ አለፈ።

ከዚያ የየሺመቤት ጫማ ከዋርካው በኩል መጣ። ከጎኑ የአቶ ደርቤ ቡናማ ጫማ ነበር፤ በቀስታ፣ ግን ሳይጎተት ይራመድ ነበር። በመካከላቸው የተጠቀለለ ፍራሽ ዝቅ ብሎ ይታያል።

«ፍራሹን ፀሐይ ላይ አድርጉት፣ ይድረቅ» አሉ እትዬ ሎሚ ከወዲያ፤ ዘወር ብለው ግን አላዩም፤ ሌላ ፍራሽ ይዘው ነበር።

«እሺ፣ እትዬ» አለች የሺመቤት።

ጫማዎቹ ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ ባጃጆቹ አለፉ። አንዱ ባጃጅ ተነሥቶ ዕቃ በጫኑት መካከል መንገዱን ይዞ ወደ ዳገቱ ታጠፈ።

«ጡብ» አለ ቱሉ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ።

ጉልላት አቀበለው።